እጅ የማያደነዝዝ መሪ፦ ለኮርሳ ብስክሌት ምቹ መሪ እንዴት እንምረጥ?

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው የጀመረው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ውርር ያደርጉኝ ጀመር። ቁልቁለቱን ስጨርስ ጭራሽ የእኔ ጣቶች አልመስል አሉኝ። ደብረ ሲና ቆሜ ቆሎ ገዛሁ። ብሩን ከኋላ ኪሴ ላውጣ ብል ጣቶቼ አይቆነጥጡም። ልጅቷ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ኪሴ ውስጥ እታገላለሁ። በመጨረሻ በግራ እጄ አውጥቼ ከፈልኳት።

ብርዱ ነው ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ቢደርቅ የሚገርም አይደለም። ግን ደብረ ሲና ይሞቃል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጬም ሁለቱ ጣቶች አልተመለሱም። ብርድ ደግሞ አስሩንም ጣት ነው የሚይዘው፣ ሁለቱን መርጦ አይይዝም። ችግሩ መሪው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መሪ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን ሳልለካ ገዝቼ ገንዘቤን አቃጠልኩ። ሁለተኛውን ለክቼ ገዛሁ፣ እስካሁን እሱን ነው የምነዳው። እዚህ የምጽፈው መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው።

በስሞቹ እንግባባ

የኮርሳ መሪ እንደ መንዝ በግ ቀንድ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ታች የታጠፈው ነው። እጃችሁን የምታሳርፉበት ሦስት ቦታ አለው። ላይኛው ቀጥታ ክፍል አለ፣ «ላዩ» እንበለው። ፍሬኑ የተገጠመበት፣ ላስቲክ የለበሰው ጉብታ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እጃችን የሚውለው እዚህ ነው። ከዚያ ታች የታጠፈው አለ፣ እሱን «ቀንዱ» እለዋለሁ። መሪውን ነክሶ የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ ጋር የሚያያይዘው አንገት ስቴም ይባላል። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ደረጃ 1፦ የት እንደሚያማችሁ እወቁ

«መሪው አይመቸኝም» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚያማችሁ ቦታ ነው መፍትሔውን የሚጠቁመው።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ የሚጫነው ኡልናር የሚባለው ነርቭ ነው። በመዳፋችሁ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል ያልፋል፣ ልክ ጉብታው ላይ የምትደገፉበት ቦታ ማለት ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከደነዘዙ ደግሞ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነው፣ እሱ በእጅ አንጓ መሐል ያልፋል፣ አንጓችሁ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ይጨነቃል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ክብደታችሁ እጅ ላይ እንደበዛ ይናገራል። ሁለተኛው የፍሬኑ ጉብታ አቀማመጥ ልክ እንዳልሆነ።

አንገትና ትከሻችሁ ከተያዘ፣ መሪው ሩቅ ነው ወይም ዝቅ ብሏል፣ አንዳንዴም በጣም ሰፊ ነው። ቀንዱን ስትይዙ ወገባችሁ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ለዓመት ያህል ቀንዱን ነክታችሁት የማታውቁ ከሆነ መሪያችሁ በጣም ጥልቅ ነው። ያልተነካ ቀንድ በጣም ብዙ ሰው ላይ አያለሁ። የኮርሳ መሪ ጥቅሙ እጅ ማቀያየር ስለሚያስችል ነው፤ ከሦስቱ ቦታ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። አንዱን ብቻ የምትጠቀሙበት መሪ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ማደንዘዙ አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን አስተካክሉ

እኔ ይህን ዘልዬ ነው የተቀጣሁት። ብስክሌት የሚሠራልኝ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ አዲስ መሪ ላምጣ ይገጥሙልኛል?» ስላቸው መሪውን አላዩትም። «እስቲ መጀመሪያ ውጣበት» አሉኝ። ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ኮርቻውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ አፍንጫው ተደፍቷል ልጄ፣ ወደ ፊት እየተንሸራተትክ እኮ ነው በእጅህ የምትገፋው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ኮርቻው ቀጥ ያለ ይሁን። የውኃ ልክ ካላችሁ አስቀምጡበት፣ ከሌላችሁ ረጅም ማስመሪያ በቂ ነው። ፊቱ ወደ ታች ከዘመመ ሙሉ ክብደታችሁ እጃችሁ ላይ ይወርዳል። ኮርቻው ወደ ፊት አለቅጥ ከተገፋም እንደዚያው ነው። መፈተኛው ይኸውላችሁ፦ መኪና የሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በመጠነኛ ኃይል እየረገጣችሁ፣ እጃችሁን ከመሪው ሳትለቁ ጭነቱን ብቻ አቅልሉ። ሰውነታችሁ ወደ ፊት ወደቅ ካለ ኮርቻው ገና አልተስተካከለም።

የፍሬኑን ጉብታ እዩ። ጉብታውን ስትይዙ ክንዳችሁና የእጃችሁ ጀርባ አንድ መስመር መሆን አለባቸው፣ ሰው ስትጨብጡ እንደሚሆነው። አንጓችሁ ከታጠፈ መሪውን ስቴሙ ላይ ትንሽ አላሉትና ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ አዙሩት። ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ምንም አያስወጣም።

ከዚያ ስቴሙ። ብዙ ስቴሞች 6 ዲግሪ ማዕዘን አላቸው፣ ወደ ታች ተገጥመው ነው የሚመጡት። ፈትታችሁ ብትገለብጡት 100 ሚሊ የሆነ ስቴም መሪውን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ከስቴሙ በላይ የተደረደሩ ቀለበቶች ካሉ ወደ ሥሩ አዛውሯቸው። መሪው ሩቅ ከሆነ ደግሞ ስቴሙን በ10 ሚሊ ያጠረ መቀየር ከመሪ መቀየር ይረክሳል።

ጎማውንም አትርሱ። ሰው ጎማ እንዳይበሳበት ፈርቶ 110፣ 120 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይሞላና ኮብልስቶን ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ መሪውን ይወቅሳል። ፍሬማችሁ 28 ሚሊ ጎማ የሚያስገባ ከሆነ አስገቡ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ንዱ። ከተሻላችሁ ጨርሳችኋል። ካልተሻላችሁ ወደ መሪው እንሂድ።

ደረጃ 3፦ አሁን ያላችሁን መሪ ለኩ

ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አምስት ቁጥር ጻፉ፦

- ስፋቱን፣ ፍሬኑ በተገጠመበት ቦታ፣ ከቱቦው መሐል እስከ ሌላው ቱቦ መሐል
- ወደ ፊት የሚሄድበትን ርዝመት፣ ከላዩ መሐል እስከ መታጠፊያው በጣም ሩቅ ቦታ
- ጥልቀቱን፣ ከላዩ መሐል እስከ ቀንዱ ታችኛ ክፍል መሐል ቁልቁል
- ስቴሙ የሚነክሰውን ቦታ ውፍረት
- ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው ላይ መሐል ያለውን ርቀት

የመጨረሻው መመለሻችሁ ነው። አዲሱ ካልተመቻችሁ ወደነበረበት ለመመለስ ያስፈልጋችኋል። በስልካችሁ ከጎን ፎቶ አንሱት፣ ጥሩ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ ስፋት

ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ሌላ ሰው በትከሻችሁ ጫፍ ላይ ያለችውን ጎርበጥ የምትል አጥንት በጣቱ ይፈልግ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ይለካ። ልብስ ላይ ሳይሆን አጥንቱ ላይ። በጋቢ ላይ የተለካ ትከሻ ትክክል አይመጣም።

ያገኛችሁት ቁጥር መነሻችሁ ነው። ትከሻችሁ 41 ከሆነ 40 ወይም 42 ሳንቲ ሜትር መሪ ፈልጉ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 46 በሁለት በሁለት ይሄዳሉ። በጣም ሰፊ ከሆነ ክንዳችሁ ተከፍቶ ትከሻና አንገታችሁ ሲሠራ ይውላል። በጣም ጠባብ ከሆነ መሪው ይቀብጣል፣ ከጎን ንፋስ ሲመጣ ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ያለውን ሜዳ ከሰዓት በኋላ የነዳ ሰው ንፋሱን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ አምራች ከመሐል እስከ መሐል ይለካል፣ አንዳንዱ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ። ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ «42» ያለው ለሌላው «40» ነው ማለት ነው። ሻጩን አትጠይቁ፣ ራሳችሁ ለኩ።

የባለሙያ ተወዳዳሪዎችን መሪ አይታችሁ ጠባብ አትግዙ። እነሱ ንፋስ ለመቀነስ ብለው ነው፤ ጉዳዩ ከመጠን አልፎ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ራሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2026 ጀምሮ ለጎዳና ውድድር ከውጭ እስከ ውጭ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያነሰ መሪ ከልክሏል። እኛ የምንፈልገው ሳይደነዝዘን ቤት መግባት ነው።

ደረጃ 5፦ ርዝመትና ጥልቀት (ዋናው እዚህ ነው)

አብዛኛው ሰው ስፋት ብቻ አይቶ ይገዛል። ምቾቱን የሚወስነው ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የድሮ መሪዎች ወደ ፊት 90 እና 100 ሚሊ ይሄዳሉ፣ ወደ ታች 140 እና 150 ሚሊ ይወርዳሉ። የተሠሩት ቀኑን ሙሉ ለሚለማመድ፣ ወገቡ እንደ ልብ ለሚታጠፍ ተወዳዳሪ ነው። አሁን ኮምፓክት የሚባሉ አሉ። ወደ ፊት ከ70 እስከ 80፣ ወደ ታች ከ115 እስከ 130 ሚሊ። መታጠፊያቸው አጭርና ወጥ ነው። ለአብዛኞቻችን፣ በተለይ እጃችን ትንሽ ለሆነ ሰዎች፣ የምመክረው እነዚህን ነው። አላመነታም።

ለምን? ቁጥሩን አብረን እንደምር። የእኔ የድሮው መሪ ወደ ፊት 95 ሚሊ ይሄድ ነበር፣ ስቴሙ 110 ነበር። ድምሩ 205። አሁን ያለው 75 ነው፣ ስቴሙ 100። ድምሩ 175። ጉብታው 3 ሳንቲ ሜትር ቀረበልኝ። ሦስት ሳንቲ ሜትር በወሬ ትንሽ ናት፣ ብስክሌት ላይ ግን ክርናችሁ ተቆልፎ በመንዳትና ለስላሳ ሆኖ በመንዳት መሐል ያለች ልዩነት ናት። ክርን ሲታጠፍ መንገዱ የሚሰጠውን ንዝረት ይውጠዋል። ሲቆለፍ ንዝረቱ በቀጥታ ትከሻ ጋ ይደርሳል።

ጥልቀቱ ደግሞ የፍሬን ጉዳይ ነው። እዚያ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ጉብታውን ብቻ ይዤ ነበር የወረድኩት፣ ቀንዱን ስይዝ ጣቴ ፍሬኑ ጋ አይደርስምና። ከጉብታው ላይ ፍሬን ለመያዝ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ በተለይ በገመድ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ። ከታች ከቀንዱ ሲያዝ ሁለት ጣት ይበቃል። እና እኔ ያን ሁሉ መንገድ በመዳፌ ግርጌ ተደግፌ፣ በሙሉ ኃይሌ እየጨመቅሁ ወረድኩ። ጉም ነበር፣ ከባድ መኪና ከኋላዬ ነበር፣ እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም። ነርቩ ባይደነዝዝ ነው የሚገርመው። አጭር መታጠፊያ ያለው መሪ ስገጥም ቀንዱ ላይ እያለሁ ጠቋሚ ጣቴ ፍሬኑን በመጀመሪያው አንጓ መያዝ ቻለ፣ ያን ጊዜ ነው ቁልቁለት መፍራት ያቆምኩት።

ብዙ አዳዲስ የፍሬን እጀታዎች ርቀታቸውን የምታስተካክል ትንሽ ብሎንም አላቸው። መጀመሪያ እሷን ሞክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመሪውን ርዝመት ስታሳጥሩ የሚቀርበው ጉብታውና ቀንዱ ብቻ ነው፣ ላዩ ባለበት ነው። ላዩም ሩቅ ከሆነባችሁ መሪ ብቻ አይፈታውም፣ ስቴም ማሳጠርም ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 6፦ ቅርጽ

ከፊት ሲታይ ቀንዱ ወደ ታች እየሄደ ወደ ውጭ የሚከፈት መሪ አለ። ከ4 እስከ 8 ዲግሪ የተከፈተ ለአስፋልት ምንም አይልም፣ አንጓን ያዝናናል። ከ12 እስከ 20 የሚደርሰው ለኮረት መንገድ ነው፤ ወደ መንዝ ገጠር መንገዶች የምትወጡ ከሆነ ቁልቁለት ላይ መሪውን በደንብ ትቆጣጠሩበታላችሁ። ስፋቱን ግን ጉብታው ጋ ለኩ፣ ቀንዱ ጫፍ ጋ የሚነገራችሁ ቁጥር ያሳስታል።

ላዩ ክብ የሆነ አለ፣ ጠፍጠፍ ያለ ሞላላም አለ። ጠፍጠፍ ያለው ክብደቱን በመዳፍ ላይ ያሰፋዋል፣ ረጅም ዳገት ላይ ላዩን ይዘው ለሚወጡ ሰዎች በጣም ይመቻል። ጉድለቱ መብራትና የስልክ ማስያዣ አይገጠምበትም። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያለ መብራት መግባት የለም፣ ስለዚህ መብራታችሁ የት እንደሚሰቀል አስቀድማችሁ አስቡ። ስቴሙ ከሚነክሰው ቦታ 15 ወይም 20 ሚሊ ከፍ ብሎ የሚነሳ መሪም ይሠራል፣ ስቴም ገልብጣችሁም መሪው ዝቅ ካለባችሁ እሱን ፈልጉ።

ካርቦን ወይስ አልሙኒየም? አልሙኒየም ግዙ። ካርቦን ትንሽ ንዝረት ይቀንሳል፣ ግን ውድ ነው፣ ከወደቀ ደግሞ ስንጥቁ ከላይ ላይታይ ይችላል። ያገለገለ የካርቦን መሪ በፍጹም አትግዙ።

ደረጃ 7፦ ይገጥማል ወይ?

ገንዘቤን ያቃጠልኩት እዚህ ነው። ስቴሙ የሚነክሰው ቦታ ውፍረት በብዛት ሦስት ዓይነት ነው። 31.8 ሚሊ የአሁኑ ነው። 26.0 የድሮ ኮርሳ ላይ ይገኛል። 25.4 የድሮ ብረት መሪዎችና የድሮ ማውንቴኖች ላይ። የእኔ ስቴም 26.0 ነበር። ሻጩ 25.4 መሪ ሰጠኝና «ይገባል፣ ብሎኑን ጠበቅ ማድረግ ነው» አለኝ። ገባ። ጠበቀም። ሦስተኛው ቀን ጫጫ መግቢያ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ መሪው ከእነእጄ ወደ ታች ዞረ። ቀስ ብዬ እየነዳሁ ስለነበር ነው የተረፍኩት። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ማሰብ አልፈልግም።

ልዩነቷ 0.6 ሚሊ ናት። በዓይን አትታይም፣ በሜትርም አትያዝም። ካሊፐር (ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ከሌላችሁ ግን ዘዴ አለ። ቀጭን ወረቀት ቆርጣችሁ ስቴሙ የሚነክሰው ቦታ ላይ አንድ ዙር አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ የሚገናኝበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ዘርግታችሁ ለኩ። 100 ሚሊ ከመጣ 31.8 ነው። 82 ገደማ ከመጣ 26.0። 80 ገደማ ከመጣ 25.4። ሁለት ሚሊ በማስመሪያ በደንብ ይታያል።

የቢራ ጣሳ ቆርጦ በመሐል የሚያስገባ መካኒክ አለ። አታስደርጉ። በልኩ የተሠራ ቀለበት ይሸጣል፣ 31.8 ስቴም ላይ 26.0 ወይም 25.4 መሪ ለመግጠም። ወይም ስቴሙን አብራችሁ ቀይሩ። የድሮ ብስክሌት ከሆነና ስቴሙ ሹካው ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከፍ ስታደርጉት ግንዱ ላይ ከተቀረጸው መስመር እንዳታልፉ፣ መስመሩ ከታየ በቂ አልገባም ማለት ነው።

ጠፍጣፋ የማውንቴን መሪ ልግጠም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይቻላል። ግን የኮርሳ ፍሬን የሚታሰረው 23.8 ሚሊ ቱቦ ላይ ነው፣ ጠፍጣፋው መሪ 22.2 ነው። ስለዚህ የፍሬን እጀታውንም የማርሽ መቀየሪያውንም አዲስ መግዛት አለባችሁ። የፍሬን እጀታው የሚስበው የገመድ ርዝመትም ከፍሬናችሁ ጋር መስማማት አለበት፤ የማውንቴን ቪ ፍሬን እጀታ ከኮርሳ ፍሬን ጋር በደንብ አይሠራም። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ በመጨረሻ እጅ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚኖራችሁ። ከተማ ውስጥ በባጃጆች መሐል ለአጭር መንገድ ብቻ ለሚነዳ ይሆናል። ለ50 እና 60 ኪሎ ሜትር መንገድ አልመክርም።

ደረጃ 8፦ መግጠም

መሪው ላይ የተጠቀለለውን የድሮ ቴፕ ፍቱ። ገመዶቹ የተያዙበትን ናስትሮ ላጡ። የጉብታውን ላስቲክ ገለጥ ስታደርጉ የፍሬኑን ማሰሪያ ብሎን ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በ5 ቁጥር አለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) ነው። አላሉት፣ ጨርሳችሁ አትፍቱት፣ ፍሬኑን በመሪው ጫፍ አንሸራትታችሁ አውጡ። ከዚያ የስቴሙን ፊት ፍቱና መሪውን ቀይሩ።

አራቱን የስቴም ብሎኖች በመስቀል አፈራረቅ አጥብቁ፣ ትንሽ እዚህ ትንሽ እዚያ፣ ከላይና ከታች የሚቀረው ክፍተት እኩል እንዲሆን። ስቴሙ ላይ የማጥበቂያው ልክ ተጽፎ ታያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ መካኒክ ጋ ሄዳችሁ ያጥብቅላችሁ፣ ብሎን ከመቁረጥ ይሻላል። ስትጨርሱ የፊት ጎማውን በእግራችሁ መሐል ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ከዞረ አልጠበቀም።

ቴፕ ከመጠቅለላችሁ በፊት ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። አዲሱ መሪ ከሰፋ ወይም ከፍ ካለ የፍሬንና የማርሽ ገመዱ ሊያጥር ይችላል። ገመዱ ከተወጠረ ቀይሩት። ፍሬናችሁ የዘይት ከሆነና ቱቦው በመሪው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ለሚያውቅ ስጡ።

ደረጃ 9፦ ቴፕ

ቴፕ መሪ አይተካም። ጥሩ መሪ ላይ ግን ብዙ ይጨምራል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3.5 ሚሊ ይደርሳል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ በጣም ወፍራሙን አትግዙ፣ መሪው ወፍሮ ለመያዝ ስለሚያስቸግር ይባስ ያደክማችኋል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የተበሳ አሮጌ የውስጥ ጎማ እወስዳለሁ፣ በሳሙና አጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ከቀረ ናስትሮው አይይዝም። በመቀስ ርዝመቱን እየሰነጠቅሁ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ አወጣለሁ፣ ስፋቱ ሁለት ጣት። አንዱን ከጉብታው ጀርባ መዳፌ በሚያርፍበት መሪው ላይ፣ አንዱን ቀንዱ መታጠፊያ ላይ አስቀምጥና ጫፍና ጫፉን በናስትሮ እይዘዋለሁ። ጠርዙን በመቀስ አሹላችሁ ቁረጡት፣ አለበለዚያ ቴፑ ላይ እንደ ጠባሳ ይጎረብጣችኋል። ለዚህ የሚሸጥ የጄል ቁራጭ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የጎማው ቁራጭም ሥራውን ይሠራል፣ ምንም አያስወጣም።

መጠቅለል የሚጀመረው ከቀንዱ ጫፍ ነው። ግማሽ ስፋት የሚሆነውን ቴፕ ከጫፉ ውጭ ትርፍ ተዉት፣ በኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በመሪው ጫፍ መክደኛ፣ በታፖው ይደፈናል። አቅጣጫው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ ስታዩት በላይ በኩል ወደ ውጭ ነው፣ በቀኙም በግራውም። ቀንዱን ይዛችሁ ስትጎትቱ እጃችሁ ወደ ውጭ ነው የሚያሽው፣ ስለዚህ ቴፑ እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይላላም። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በሲሶ ያህል ይደርብ፣ መታጠፊያው ላይ በውስጥ በኩል ይበልጥ፣ በውጭ በኩል ትንሽ። ሳታላሉ ጎትቱ፣ ግን እስኪቀጥን አይሁን። ስቴሙ አጠገብ ስትደርሱ አግድም ቆርጣችሁ በናስትሮ ዝጉ። ታፖውን አትርሱ፣ ባዶ የመሪ ጫፍ ስትወድቁ እንደ ቢላ ነው።

ጓንትም ይጠቅማል፣ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የግድ ነው። መዳፉ ላይ የተሰፋው ስፖንጅ ነርቩ ላይ ሳይሆን ከግራና ከቀኙ የሚያርፍ መሆኑን አይታችሁ ግዙ።

ደረጃ 10፦ መፈተን

የመጀመሪያ ቀን ጣርማ በር አትሂዱ። ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ አለን ኪ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ጉብታውን ከፍ ካደረጋችሁ ኮርቻውን አትንኩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደጠቀማችሁ አታውቁም። በየአሥር ደቂቃው እጃችሁን ከጉብታ ወደ ላዩ፣ ከላዩ ወደ ቀንዱ አዛውሩ። ሦስቱም ቦታ ላይ ሆናችሁ ክርናችሁ ትንሽ ከታጠፈ፣ ጣቶቻችሁ ፒያኖ እንደሚመታ ሰው ላስቲኩ ላይ መንቀሳቀስ ከቻሉ፣ ልኩ መጥቷል።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የስቴሙን አራት ብሎኖችና የፍሬኖቹን ማሰሪያ እንደገና ፈትሹ፣ ትንሽ ይረግባሉ።

መደንዘዙ ከብስክሌት ከወረዳችሁ በኋላ በማግሥቱም ካለ፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና ብርጭቆ መያዝ እያቃታችሁ ከሆነ፣ መንዳት አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኔ ያን የደብረ ሲናውን ችላ ብዬ ሌላ ወር ነዳሁበት፣ ትንሿ ጣቴ ሙሉ በሙሉ እስክትመለስ ከሁለት ወር በላይ ወሰደባት።